እጅሽን አውርጂው አልኳት፦ ለተቸገረ ስንሰጥ ፎቶ ማንሳት ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ፤ በሦስተኛው ይውጣ።

በቤተ ክርስቲያናችን የበጎ አድራጎት ክፍል አገለግላለሁ። በየወሩ ለተቸገሩ ቤተሰቦች አስቤዛ እናድላለን። የኔ ሥራ ስም መጥራት፣ ማስፈረምና ፎቶ ማንሳት ነው። ፎቶው ለሪፖርት ነው፤ ገንዘብ የሚልኩልን ሰዎች "የት ደረሰ?" ብለው ይጠይቃሉ። ከመካከሉ ጥሩ የወጣው ደግሞ ገጻችን ላይ ይለጠፋል።

ባለፈው ወር የአንዲት እናት ተራ ደረሰ። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ከረጢቱን በግራ እጇ ተቀበለች። "እህቴ፣ ወደዚህ ዞር በይ" አልኳት። ዞረችልኝ፤ ግን በቀኝ እጇ ፊቷን ከለለች። እኔም "እጅሽን አውርጂው እንጂ፣ ፊትሽ አይታይም" አልኳት፤ እንደ ቀልድ፣ እየሳቅኩ። አወረደችው። አነሳኋት። ፎቶው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

በዚህ ወር አልመጣችም። ስሟን ሦስቴ ጠራሁ። ድርሻዋ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። አብራት ትመጣ የነበረች ሴት በኋላ ጠጋ ብላ፣ "ልጇን ትምህርት ቤት ፎቶውን አሳይተውት እያለቀሰ መጣ" አለችኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ፎቶው ይቅር ብዬ ኮሚቴው ፊት ጉዳዩን ላንሳው ወይስ አንድ ሰው ቅር ስላለው ሥራ ማደናቀፍ ይሆንብኛል? ሁለተኛው፣ ለእሷስ ምን ላድርግ?

ማርታ ማርታ፦
ማቴዎስ 6ን ከመጀመሪያው አንብበው። "ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ" ነው የሚለው። የገዛ ግራ እጅ እንኳ እንዳያውቀው የተባለውን ነገር እናንተ ለአገር ምድሩ ለጠፋችሁት። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

(በግራዋ ተቀብላ በቀኟ ሸፈነች ያልከው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።)

ሒሳብ ያዥ፦
ማርታ ቸኮልሽ። ጥቅሷ እውነት ናት፤ ነገር ግን ስለ ሰጪው ልብ እንጂ ስለ ሒሳብ አያያዝ አይደለችም። እኔ ስሜ እንደሚነግራችሁ የገንዘብ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ቦታ ለወላጅ አልባ ልጆች የተሰበሰበ ገንዘብ በየት በኩል እንደወጣ ሳይታወቅ አለቀ። አስተባባሪው ሲጠየቅ "እኔ በእምነት ነው የምሠራው" አለ። በእምነት በላው ማለት ነው። ልጆቹ ያን ዓመት እንዴት እንደከረሙ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ቢሆን ዝም ብላችሁ እመኑኝ አላለም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። "በሰው ፊትም" የምትለዋን አስምሩባት። ፎቶ ለኔ ጉራ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። ጤዛ፣ ሴትዮዋ ስለተሰማት ነገር አዝናለሁ። ግን ማስረጃ የሌለው እርዳታ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ።

የድሮ መምህር፦
ልጄ ሒሳብ ያዥ፣ የጠቀስከው ቦታ ትክክል ነው፤ ግን ሁለት ቁጥር ወደ ኋላና ሁለት ቁጥር ወደ ፊት ሄደህ አንብበው። ጳውሎስ እንዳይነቀፍ ያደረገው ምንድን ነው? የኢየሩሳሌምን ድሆች ለቆሮንቶስ ሰዎች አላሳየም። ቲቶን ላከ፤ ከእርሱ ጋር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን ወንድም ላከ፤ ሌላም ሦስተኛ ወንድም ጨመረ። ቀድሞም በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ላይ ገንዘቡን እንዲያደርሱ እናንተው የምትመርጧቸውን ሰዎች ደብዳቤ ሰጥቼ እልካቸዋለሁ ብሏቸው ነበር። ማለትም ቁጥጥሩ የወደቀው በተሸካሚው ላይ ነው። የምንመረመረው እኛ ነን፤ ተቀባዩ አይደለም።

ሐዋርያት ሥራ 6ንም ተመልከቱ። እዚያ እኮ እውነተኛ አቤቱታ ነበር፤ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ነው የተጮኸው። ሐዋርያት "እስቲ መበለቶቹ ይምጡና እንያቸው" አላሉም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ቅሬታ ካነሳው ወገን ለመሆናቸው ጥሩ ፍንጭ ይመስለኛል። ማስተማር ሳለሁ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ በዚያ ምዕራፍ የስንት መበለት ስም ተጽፏል? ይቆጥራሉ፣ ይገለብጣሉ። አንድም የለም። የሰባቱ አዳዮች ስም ግን አንድም ሳይቀር ተመዝግቧል።

ከሁሉ የማልረሳው ደግሞ ዘዳግም 24 ነው። ለባልንጀራህ አበድረህ መያዣ ልትቀበል ስትሄድ ወደ ቤቱ አትግባ፣ ውጭ ቁም፣ እርሱ ራሱ ያውጣልህ ይላል። አስቡት፤ አበዳሪው ባለመብት ነው፣ ገንዘቡ የእርሱ ነው፣ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። ሆኖም ደጃፉን አልፎ የድሃውን ጓዳ እንዳያይ ተከለከለ። ድሃውም ቢሆን የትኛውን ዕቃ እንደሚያወጣ የሚመርጠው ራሱ ነው። ለአበዳሪ ይህ ከተባለ ለመጽዋች ምን ሊባል ነው?

ጤዛ፣ ካሜራህ ደጃፏን አልፎ ገብቷል። እንዲህ ስልህ ልፈርድብህ አይደለም። እኔም በዘመኔ እጄን የሰደድኩበት ጓዳ አለ።

ነፋስ፦
ሁላችሁም ስለ ሰጪው ታወራላችሁ። ስለ ተቀባዩ ማን ይናገር? ከሚሰለፉት ስንቶቹ ናቸው በእርግጥ የቸገራቸው? ከሁለት ሦስት ቦታ የሚወስዱ አሉ። የሞተ ባል ያላቸው ብለን ስንረዳ ባልየው በኋላ ከች ይላል። መጽሐፉም "ሊሠራ የማይወድ አይብላ" ይላል። ፎቶ ቢነሱ ምን ይሆናሉ? ያልሰረቀ ሰው ምን ያሳፍረዋል?

ማርታ ማርታ፦
ነፋስ፣ "የማይወድ" ነው እንጂ "የማይችል" አይልም። አንዲት ቃል ናት፤ ሙሉ መንገድ ትቀይራለች። ጳውሎስ የጻፈው ጌታ ዛሬ ነገ ይመጣል እያሉ ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ ለሚገቡት የተሰሎንቄ ሰዎች ነው። ለነዚያ ሰዎች የተቆረጠ ልብስ ሥራ አጥታ ለምትንከራተት እናት አይሆንም። እዚያው ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ መልካም ሥራን ለመሥራት አትታክቱ ይላል። እሱን ማንም አይጠቅሰውም።

ዝምተኛው፦
የማጭበርበሩ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ጽሑፍ፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ለሚለምንህ ሁሉ ስጥ ይልና ወዲያው ደግሞ ለማን እንደምትሰጥ እስክታውቅ ምጽዋትህ በእጅህ ውስጥ ላብ ያውጣ ይላል። ሁለቱም ጎን ለጎን። ሳይቸግረው የሚቀበል መልስ እንደሚሰጥበትም እዚያው አለ። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ አስታርቀው አላለፉትም፣ ሁለቱንም ይዘው ኖሩ። ላብ የሚያወጣው የሰጪው እጅ መሆኑንም ልብ በሉልኝ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ትዕግሥት የለውም። ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው በሰበከው ላይ መጽዋች ወደብ ነው ይላል። መርከብ ተሰብሮበት እየዋኘ የመጣን ሰው ወደብ "አንተ ደግ ነህ ክፉ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ይቀበላል። እሱ ይህን ያለው ሁሉን አይቶ ነው። በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየዕለቱ 3,000 ያህል መበለቶችንና ደናግልን ትረዳ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም አጭበርባሪ አልነበረም ብሎ የሚያምን ሰው አይመስለኝም።

እንግዳ፦
እዚህ ሳነብ እንጂ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ስህተት ካለበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኔ ለሰባት ወር ተቀባይ ነበርኩ። ሰልፉን አውቀዋለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እሳቱ የቱ ጋ እንደሚያቃጥል ግን ያወቅኩት ያኔ ነው። መቀበሉ አይደለም። ከመቀበሉ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። ስምሽ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ከመጨረሻው ወንበር ተነስተሽ እስከ ጠረጴዛው ትሄጃለሽ፣ ጫማሽ ይንቋቋል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። የልጄ አስተማሪ ከአዳዮቹ አንዷ ነበረች። ሁለታችንም እንዳልተዋወቅን ሆንን።

አንድ ቀን "ምስክርነት ስጪ" ተባልኩ። እግዚአብሔር በእናንተ በኩል እንዴት እንደደረሰልኝ እንድናገር። ተናገርኩ። አጨበጨቡ። ቤቴ ገብቼ ምን እንዳልኩ ላስታውስ ብል ያቃተኝ ነገር አሁንም ይገርመኛል።

ነፋስ፣ ስለ ባል ያልከውን አነበብኩ። ከዋሹት አንዷ እኔ ነኝ። ፎርሙ ላይ ሳጥኖች ነበሩ፤ መበለት፣ ወላጅ አልባ፣ ሕመምተኛ፣ አካል ጉዳተኛ። ባለቤቴ ሥራው ከቆመ በኋላ ከአልጋ አይነሳም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ለዚህ የሚሆን ሳጥን አጣሁ። ሐኪም ያላየውን "ሕመምተኛ" ብል ወረቀት አምጪ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ "መበለት" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ባሌን በእርሳስ ገደልኩት። ማታ አጠገቡ ስተኛ የማስበው እሱን ነበር።

ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች፣ ከአገልጋዮቹ መካከል። ስሟን ብጽፍ አትወድም። ሦስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ ሲመሽ በር ተንኳኳ። ስከፍት ውጭ ቆማለች። ማንም ከገበያ ሲመለስ የሚይዘው ዓይነት ተራ ዘንቢል ይዛለች፤ የእርዳታው ከረጢት በሩቁ የሚታወቅ ጽሑፍ ነበረበት፣ ገልብጣ በዘንቢል አመጣችው። "ግቢ" አልኳት። "አይ፣ አልቆይም፤ ልብስ መተኮስ ትችያለሽ አሉኝ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አስቤዛው ሲመጣ ልብሷም አብሮ ይመጣ ጀመር። ተኩሼ እመልሳለሁ። ልብሱ ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ነበር። እኔም አላወቅሁም አልኩ፣ እሷም አላወቀችም አለች፤ እንዲያ ስንባባል ሰባተኛው ወር ደረሰ።

መምህር፣ ስለ ደጃፉ የጻፉትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድም ቀን ገብታ አታውቅም ነበር።

ነፋስ፦
አንቺን አላልኩም እኮ እህቴ።

እንግዳ፦
አውቃለሁ ወንድሜ። ለሰው ብሎ ሲያማ ለእኔ ብለህ ስማ ይባል የለ? ለነገሩ አልተቀየምኩህም።

ወፍ ቆጣሪ፦
ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። አንድ ነገር አልገባኝም። ድህነትን ማስወገድ የመንግሥት ሥራ አይደለም? ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ትስበክ እንጂ መጋዘን ምን አስያዛት?

ዝምተኛው፦
ወፍ ቆጣሪ፣ ታሪኩ በተቃራኒው ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮም ንጉሥ ስለ ክርስቲያኖች የእሑድ ጉባኤ ሲያስረዳ፣ ንባቡንና ጸሎቱን ከተናገረ በኋላ የሚቀጥለው መዋጮውን ነው። የቻለና የወደደ ይሰጣል፣ ገንዘቡ በመሪው ዘንድ ይቀመጣል፣ ወላጅ ላጡ፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩና ለእንግዶች ይውላል። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ251 የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያኒቱ እንደሚረዱ ይገልጻል። ያኔ ሃይማኖቱ ገና በሕግ አልተፈቀደም።

የሮሙ ንጉሥ ዑልያኖስ ከሐዲም አሮጌውን የጣዖት አምልኮ ሊመልስ ሲነሳ ያናደደው ይኸው ነው። በ362 ለገላትያው ሊቀ ካህናት ሲጽፍ፣ እነዚህ "ገሊላውያን" (ክርስቲያኖቹን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ፣ የእኛዎቹ ግን ከእኛ ምንም እንደማያገኙ ሁሉም ያያል ብሎ ያማርራል። ከዚያም እህልና ወይን መድቦ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዘዘ። መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን ተማረ እንጂ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ሥራ አልነጠቀችም።

ቅዱስ አምብሮስዮስ ዘሚላን ደግሞ ምርኮኞችን ለማስለቀቅ ንዋየ ቅድሳቱን አቅልጦ ሸጧል። ተቃዋሚዎቹ ጮኹበት። እሱም ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ልታስቀምጠው ሳይሆን ልታወጣው ነው ብሎ መለሰ። ብዙ አወራሁ፤ ስሜ ዝምተኛው ነው።

ወፍ ቆጣሪ፦
እሺ ተረታሁ። የመንግሥት ኃላፊነት ግን ይቀራል አላልክም።

ዝምተኛው፦
አላልኩም።

ሒሳብ ያዥ፦
ሁለት ቀን አሰብኩበት። የእንግዳን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ የድሮ ሪፖርቶቼን አወጣሁና ፎቶዎቹን አየኋቸው። ድሮ የማየው ቁጥር ነበር፤ የስንት ሰው ፎቶ፣ ከስንት ፊርማ ጋር ይገጥማል። አሁን ፊታቸውን አየሁ። አንድም ሰው ካሜራውን አያይም። ሁሉም ከረጢቱን ነው የሚያዩት።

መምህር ስለ ተሸካሚው ያሉት ልክ ነው። ሌባው እኮ ሁልጊዜም ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ነው የነበረው! እኔ ግን የማስፈርመውም ፎቶ የማነሳውም ከዚያኛው በኩል ያለውን ነው። በዚያ ላይ የመቶ ሰው ፎቶ ሰብስቦ የሁለት መቶ ሒሳብ የሚያወራርድ አይቻለሁ። ፎቶ መቼም ቢሆን ሌባ ይዞልኝ አያውቅም። የያዘልኝ ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ ጤዛ፣ ኮሚቴህ "ታዲያ በምን እንቆጣጠር?" ካለህ እንዲህ በላቸው። ግዢውን አንድ ሰው፣ ርክክቡን ሌላ ሰው፣ እደላውን ሦስተኛ ሰው ይሥራው፤ ሦስቱ በዝምድና የማይገናኙ ይሁኑ። ገንዘብ ከባንክ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ፎቶ አንሱት፣ ሲወጣም አንሱት፤ ካርቶን አያፍርም። ተቀባዮች መለያ ቁጥር ይኑራቸው፤ ስም ዝርዝሩ አንድ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለጋሾች ከመካከላቸው አንድ የሚያምኑት ሰው መርጠው በዓመት አንዴ መዝገቡን ያስመርምሩ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦችንም ያነጋግሩ። ድካም አለው። ግን ድካሙ የኛ ነው።

ማርታ፣ ጥቅስሽን አሁንም የሒሳብ ሕግ ነው አልልም። ቸኮልሽ ያልኩትን ግን ስቤያለሁ።

ማርታ ማርታ፦
ተቀብያለሁ ወንድሜ። ግን የጤዛ ሁለተኛ ጥያቄ ተረሳ። ሴትዮዋስ? እኔ ብሆን ድርሻዋን ይዤ ቤቷ እሄድ ነበር።

እንግዳ፦
ይዞ ባይሄድ ጥሩ ነው። ከረጢት ተይዞ የመጣ ይቅርታ፣ ይቅርታው የቱ ከረጢቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። እምቢ ብትል ልጆቿን መከልከሏ ነው፤ ከተቀበለች ደግሞ ይቅር ማለት አለባት። ባዶ እጅህን ሂድ። መጀመሪያ ፎቶውን ከገጹ ላይ አንሳው፤ "አነሳዋለሁ" ሳይሆን "አንስቼዋለሁ" እንድትላት። ሴት አገልጋይ ይዘህ ሂድ። እንዳትገባ። አስቤዛው በሌላ ቀን በሌላ ሰው ይድረስ።

የድሮ መምህር፦
ልጄ እንግዳ፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን በአምስት መስመር ጨረስሽው። እኔ የምለው የለኝም።

ጤዛ፦
ቆየሁባችሁ፣ ይቅርታ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። የሒሳብ ያዥን ሐሳብ አቀረብኩ። ሰብሳቢያችን "ለጋሾች ፊት ካላዩ ይቀሩብናል" አሉ። ሊሆን ይችላል። አንዲት በየወሩ የምትልክ እህት ግን ደውዬ ስጠይቃት "እኔ ፎቶዎቹን ከፍቼ አይቼ አላውቅም፣ ይከብደኛል" ነው ያለችኝ። ነገሩ አልተቋጨም። ለሦስት ወር ያለ ፎቶ እንሞክረው ተብሎ ተለያየን። ድምፅ ማጉያው ግን ዛሬውኑ ቀርቷል፤ እሱን ለማስቀረት የማንንም ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ፎቶውን ከገጻችን አነሳሁ። ከእኛ ወስደው ያጋሩ ሁለት ገጾች ነበሩ፤ አንደኛው ወዲያው አነሳው፣ ሌላኛው አልመለሰልኝም። በየቀኑ እጽፍለታለሁ።

ቤቷም ሄድኩ። አብራኝ አንዲት እህት ነበረች። በሩን ልጇ ከፈተ፤ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። አየኝና አወቀኝ መሰለኝ በሩን ገርበብ አደረገው። "እናቴ የለችም" አለ። ከውስጥ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። እኔም ጮክ ብዬ፣ ለእሱ የምናገር መስዬ፣ "ፎቶውን አንስቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። እጅሽን አውርጂ ማለት አልነበረብኝም" አልኩ። የውሃው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ጠበቅን። የወጣ ሰው የለም። ልጁ "እሺ" ብሎ ዘጋው።

አብራኝ የሄደችው እህት በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻዋ ልትሄድ ነው። ድርሻዋን የት ላስቀምጠው?

እንግዳ፦
ስሟ ያልተጻፈበት ዘንቢል ውስጥ።

ሒሳብ ያዥ፦
ጤዛ፣ የመመዝገቢያ ፎርም ናሙና በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። ከሳጥኖቹ በታች ባዶ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ "ሌላ ምክንያት" ብቻ ይላል፣ ወረቀት አያስመጣም። መስመሩን አይተሽ በቂ መሆኑን ንገሪኝ እንግዳ፣ ረዘም ይበል ካልሽ ቦታ አለው።